ከሴቶች በኩል ሲታይ

ጥር 14 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ውኃ መጣች። ከአራት ቀን በኋላ። በርሜሉንም ጀሪካኖቹንም ሞላሁ፤ ድስት እንኳ አልቀረኝም። ጉልበቴ አኩርፏል።

ሄርሜላ ደወለች። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አሮጌውን ላፕቶፕ አመጣልሃለሁ አለች።

"ምን ላደርግበት?"

"ቤተ ክርስቲያን ትሄድበታለህ።"

ሳቀች። የልጅ ነገር፣ ቀልድ መሰለኝ።

ካቴድራሉ ለእድሳት ከተዘጋ ዓመት አለፈው። ታቦቱ ለጊዜው ግቢው ውስጥ ያለው አዳራሽ ገብቷል፤ ቅዳሴውም እዚያው ነው። እኔ እሑድ እሑድ መሄዴን አልተውኩም። ሚስቴ ዓለምፀሐይ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምሄደው... ሰኔ ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሆናታል። ቤቱ ዝም ሲል ሌላኛው ክፍል ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ያለን ሁለት ክፍል ብቻ ነው እኮ። የቱ ሌላኛው?

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ቀልድ አልነበረም። ካቴድራሉን ሳይዘጋ በፊት ውስጡንም ውጭውንም፣ ግቢውን፣ መቃብሩን ሁሉ በካሜራ አንስተውታል። ኢንተርኔት ላይ ነው። መሬቱ ላይ ነጭ ቀስት አለ፤ እሱን ስትነካ ወደ ፊት ትሄዳለህ። በጣት ስትጎትት ትዞራለህ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ታያለህ።

ሄርሜላ ከግቢው በር አስገባችኝ። ተሳለምኩ። ከደረጃው ሥር ስንደርስ ጫማዬን አወለቅሁ።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

"ምን አደረግሁ?"

"ኮምፒውተር ነው እኮ። ቤትህ ቁጭ ብለህ!"

"ሥዕልስ ይሳለሙት የለም? ያውም ወረቀት።"

"እሺ በቃ፣ ካልሲህንም አውልቅ። ምንጣፉን እንዳታቆሽሽ።"

ሳቅን። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ቀስቱ ወደ ወንዶች በር ደረሰ። "ንካው" አለች። "ቆይ" አልኩ። "ምን ቆይ? ግባ እንጂ!" "ሻዩ ፈላ" ብዬ ተነሣሁ።

ሻይ አልጣድኩም ነበር።

ጥር 19፣ ሰኞ

ብቻዬን ግቢውን ዞርኩ። ሰው የለም። አንድ ጠዋት ላይ ነው ያነሡት፤ የዛፎቹ ጥላ ረጅም ነው፤ ስትሄድ ስትመለስ ጥላው እዚያው ነው። ወፍ የለ፣ ደወል የለ፣ የሚስል ሽማግሌ እንኳ የለ። መቃብሩ አጠገብ አንድ ዘበኛ ብቻ ቆሟል። ፊቱን አደብዝዘውታል። ሄርሜላን በስልክ ጠየቅኋት፤ "ሰው እንዳይለየው ነው" አለች። ምን አድርጎ ነው እንዳይለዩት የሚደበቀው?

ወደ ታች ጎተትኩት። እግር የለኝም። የንጣፉ ድንጋይ አለ፣ እኔ የለሁም። ጥላም የለኝም። የሞተ ሰው ወደሚያውቀው ቦታ ሲመለስ እንዲህ ይሆን? ዓለምም ወደዚህ ቤት ስትመጣ...

ተወው።

ከጀርባ በኩል፣ አጥሩ ጥግ፣ ጥዱ ጋ ደረስኩ። ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ጥድ። ከሥሩ ሣር የለም። እኔ ነኝ ያደረቅሁት፣ በመቆም።

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ከዓለም ጋር ሃያ ሰባት ዓመት ካቴድራሉ ስንሄድ አንድ ቀን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እሷ በሴቶች በር ትገባለች። እኔ ወደ ወንዶች በር የምሄድ መስዬ በጀርባ ዞሬ ጥዱ ጋ። ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው በር ላይ እንገናኛለን።

"የት ቆምክ?"

"እዚያው፣ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ።"

ድሮ፣ እገባ በነበረ ጊዜ፣ የምቆመው እዚያ ነበር። ስብከቱን በማጉያ እሰማዋለሁ፤ መንገድ ላይ እሱን እያነሣን እናወራለን። ምን ታውቃለች? እል ነበር።

ጥር 20

ዛሬም እስከ ወንዶች በር። ጣቴ ቀስቱ ላይ። አልነካሁትም። ጫማዬን ግን አውልቄ ነበር።

ጥር 23፣ ዓርብ

እስቲ ጻፈው ቦጋለ። ማን ያየዋል?

ግንቦት 1988። ጋራዥ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ስልክ ተደወለ፤ ሴት ልጅ ተወለደችልህ ተባልኩ። በረርኩ። የመጋዘኑን ቁልፍ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቼው። በማግሥቱ ቁልፉ እዚያው ነበር፤ አንድ አዲስ የነዳጅ ፖምፓ ግን የለም።

ሥራ አስኪያጁ "ቁልፉ ማን እጅ ነበር?" ሲል፣ "ለቶሎሳ ሰጥቼው ነው የሄድኩት" አልኩ።

እንዴት ከአፌ ወጣ? የሁለት ቀን ልጅ አለችኝ፣ ከሥራ ልባረር ነው... ሌላ ምን ሰበብ አለኝ። ቶሎሳ መካኒክ ነበር። ምሳ አብረን እንበላ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌዎች "ሁለቱም ካቴድራሉ በር ላይ ይማሉ" አሉ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። ቶሎሳ ጴንጤ ነው። "እኔ አልምልም። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ተብሏል። ቁልፍ አልተቀበልኩም፣ በቃ" አለ። ሰው ተያየ። ንጹሕ ቢሆን ምን ያስፈራዋል? ተባለ። እንደማይምል አውቅ ነበር። መጽሐፉን እያነበበ ስንት ምሳ አብረን በልተናል።

እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ የወንዶቹን በር በቀኝ እጄ ይዤ ማልኩ።

ቶሎሳ ተባረረ። እኔ በማግሥቱ እሑድ ልሳለም ሄድኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ይኸው ነው።

ለዓለም አልነገርኳትም። የባሰው ሌላ ነው። የተጋባነው በሰማንያ ነው። እንዲህ የተጋቡ መቁረብ ሲፈልጉ ባልም ሚስትም ንስሐ ገብተው አንድ ላይ ነው። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲመጣ፦

"ቦጋለ፣ ዘንድሮ እንቁረብ?"

"እስቲ ለከርሞ።"

ሃያ ሰባት ጊዜ ለከርሞ። ሳትቆርብ ሞተች።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ነው። ውጭ መቆሜን አውቃ ነው የሞተችው ወይስ ሳታውቅ? ሳታውቅ ይሁን ብዬ እጸልያለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጸለያል?

ጥር 25፣ እሑድ

ከአዳራሹ ውጭ ቆሜ አስቀድሼ መጣሁ። በሩ ሌላ ነው፣ ታቦቱ ግን ያው።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የማልኩት በወንዶቹ በር ነው። በሴቶቹ በር አልማልኩም! እግዜርን እንደ ጠበቃ በነገር ልይዘው... አፈርኩ። ግን ሄድኩ። ቀስቱን ነካሁት።

ገባሁ።

ወንድ በዚህ በር አይገባም። ሴቶቹ ቢያዩኝ ይጮኹብኝ ነበር። ማንም የለ። የመስኮቶቹ ቀለም ወለሉ ላይ ፈስሶ ቀርቷል። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ከበሮው... ሁሉም አለ፣ ሰው ብቻ የለም። አተነፋፈሴን ዝቅ አደረግሁ።

የዓለምን ቦታ ፈለግሁ። ነግራኛለች፦ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ መስኮቱ ጋ፣ አንዲት የድንጋይ ደረጃ። እግሯን ካመማት ጀምሮ እዚያች ላይ ነው የምትቆመው። "ቦታዬን ማንም አይነካብኝ" ትል ነበር። አገኘኋት። መሃሏ ተበልቷል።

ስታስቀድስ ምን ምን ይታያት ነበር ብዬ አዞርኩት። መቅደሱ አይታይም። ትልቁ ምሰሶ ይጋርደዋል። እዩት! እግሯን እያመማት ቆማ መጋረጃው እንኳ አይታያትም። ምን ሊያደርግላት እዚያ ቆመች?

ወደ ግራ ጎተትኩት። ወንዶች በኩል።

ሦስተኛው ምሰሶ።

ፊት ለፊት ነው። የሚጋርደው ነገር የለም። ከደረጃዋ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ያሳያል። ከምሰሶው ሥር ምንጣፍ ብቻ። ለእኔ ባዶ የሆነው ሰው በሌለበት ቀን ስላነሡት ነው። እሷ ግን ሰው ሞልቶ እኔ የሌለሁበትን ነበር የምታየው።

ላፕቶፑን ከደንኩት። ደግሜ ከፈትኩት። ያው ነው።

ጥር 26

አንድ ክረምት ላይ ነጠላዬ ርሶ ጠበቅኋት። "ዝናቡ መውጫው ላይ ያዘኝ" አልኩ። "እም" አለች። ከዚያ ወዲያ ክረምት ሲገባ ከቤት ስንወጣ ጃንጥላውን እኔ እጅ ላይ ታደርጋለች። ስንለያይ ይዛው አትገባም። እኔ ጋ ይቀራል። ውስጥ ለሚቆም ሰው ጃንጥላ ምን ያደርግለታል?

ደግሞስ "የት ቆምክ?" ማለት ያቆመችው መቼ ነው? ባሰላስል ባሰላስል አላስታውስም። ብትጠይቀኝ እዋሻታለሁ። እንዳልዋሽ ነው መጠየቅ የተወችው?

ወይስ እኔ ነኝ እንዲህ እያልኩ የምፈጥረው?

ጥር 29፣ ሐሙስ

ጳውሎስ ወረድኩ፣ ገበያነሽ ቤት። የዓለም ጓደኛ፤ ጎኗ የምትቆም። ምስር ትለቅማለች።

"ገበያነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓለም ከምትቆምበት ሦስተኛው ምሰሶ ይታይ ነበር?"

እጇን ከሰፌዱ አነሣች።

"ጥዱን ነው የምትጠይቀኝ ጋሽ ቦጋለ?"

መልሴን አልጠበቀችም።

"የሴቱ ወገን ሁሉ ያውቅ ነበር እኮ! አርፍዳ የመጣች ሁሉ በአጠገብህ ነው የምታልፈው። ነጠላ የለበሰው ግንድ ነበር የምንልህ።" ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ አፏን ያዘች።

"ዓለምስ?"

"ከሁላችንም በፊት።"

"ምን አለችሽ?"

"አንድ ቀን፣ ምን ሆኖ ነው? አልኳት። 'አላውቅም፤ ሲደርስ ይገባል' አለች። እኔ ብሆን በነጠላህ ጎትቼ ነበር የማስገባህ! እሷ ጭራሽ ቅዳሴ ካለቀ በኋላም አትነሣም። ኧረ እንውጣ ስላት 'ቆይ፣ ቦጋለ ከጥዱ እስከ በሩ ይድረስ፤ ከውስጥ የወጣ ይምሰል' ትለኛለች።"

የሰው ድምፅ፣ የታክሲ ጥሪ ከውጭ ይመጣል።

"ስለ ቁርባንስ?"

"እኛ ስንቆርብ ቆማ ታያለች። ለመምሬ ንገሪያቸው፣ መላ ይፈልጉልሻል አልናት። 'እሱን ውጭ አቁሜ ብቻዬን አልቆርብም' አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራታል?"

ወደ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ ዓመት የተደበቅሁት ከማን ነው?

የካቲት 2፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እዚያ ውጭ መቆም አፈርኩ። መግባት ደግሞ አልችልም።

የካቲት 9፣ እሑድ

መምሬ ቤዛብሕ ጋ ሄድኩ። የነፍስ አባታችን ናቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ "ልጄ" ነው የሚሉኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"ሰውየው በሕይወት አለ?"

"አለ።"

"የት?"

"ሩፋኤል መንገድ ላይ ጎሚስታ አለው።"

"ከቤትህ በስንት ደቂቃ ይደረሳል?"

"በእግር... ሃያ ደቂቃ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ከዛፍ ሥር ከመቆም ሃያ ደቂቃ መሄድ አይቀልም ነበር ልጄ?"

ቀኖናውን ከዚያ ስመለስ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ምንም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ሄጄ ጎሚስታው ፊት ለፊት፣ ፌርማታው ላይ ቆምኩ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። ሰባት ታክሲ አለፈኝ። "አባት፣ ግቡ እንጂ፣ ሙሉ ቀን ሊቆሙ ነው?" አለ አንዱ ረዳት። ቶሎሳ ቀና ብሎ አየ። አላወቀኝም።

ተመለስኩ። ሃያ ደቂቃ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ደረስኩ። እንዳለ ልጻፈው።

ሸምግሏል። ጎማ እየነቀለ ነበር።

"ጎማ ነው?"

"ማኪና የለኝም።"

"ታዲያ?"

"ቦጋለ ነኝ። ከጋራዡ።"

ብረቱን አላስቀመጠም። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፦

"ቁልፉ የት ነበር?" አለ።

"በሩ ላይ። ትቼው ነው የሄድኩት።"

"ለእኔ አልሰጠኸኝም?"

"አልሰጠሁህም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አልሰጠሁህም ቶሎሳ። በሐሰት ነው የማልኩት።"

ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

"ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አይቼሃለሁ። ቦጋለ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞ በሐሰት አይምልም አልኩ። ስለዚህ ሰጥቶኝ ይሆናል፤ እና የት ጣልኩት? ኪሴን ስዳብስ ነው የኖርኩት። ማታ ቤቴን ቆልፌ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ፣ አሁንም። ሳትምል ብትዋሽ እኔ ራሴን አምን ነበር። አንተ ራሴን ነው የቀማኸኝ።"

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል "ተው፣ መሬቱ ዘይት ነው" ብሎ ክንዴን ያዘ። ከዚያ ጮክ ብሎ "ሲና!" አለ። ልጁ ናት። ከውስጥ እጇን እየጠረገች መጣች።

"ንገራት። የሌባ ልጅ እየተባለች ያደገችው እሷ ናት።"

ነገርኳት። ጎማ የሚያስነፉ ሦስት ሾፌሮች ቆመው ይሰማሉ። መሃል ላይ ድምፄ ጠፋ፤ "አልሰማሁም" አለች። ደገምኩላት።

"ጨረሱ?"

"ጨረስኩ።"

"እናቴ አልሰማችም። ነገ ስድስት ሰዓት ምሳ ይዛ ትመጣለች። እርስዎም ይምጡና እንዲህ አድርገው ይንገሯት።" ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቶሎሳን ይቅርታ ለመንኩት። "ይቅር በል ተብያለሁ፤ ማለቴም አይቀርም" አለ። "ግን ዛሬ አፌ እንጂ ልቤ አይለውም። እንዲያው ለአፍ ያህል አልነግርህም።"

የካቲት 21

ሄድኩ። ሚስቱ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ለቶሎሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችውና አለቀሰች። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ልጠይቅም አልደፈርኩ። እኔን ሰድባ ከሆነ ይገባኛል።

ቶሎሳ ጎሚስታውን ቆልፎ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። ቆልፎ ሲመጣ ወደ ኋላ ዞሮ አላየም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ለሄርሜላ ነገርኳት። በመጨረሻ መናገር ያለብኝ ለእሷ መሆኑ...

"የተወለድኩ ቀን?"

"የተወለድሽ ቀን።"

"ስለዚህ በእኔ ምክንያት ነው።"

"በአንቺ አይደለም። በፍርሃቴ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ?"

"እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ውጭ መቆሜን ታውቅ ነበር። ምክንያቱን አታውቅም።"

"ሳትቆርብ ነው እኮ የሞተችው አባዬ! ሆስፒታል ተኝታ እንኳ..." አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ልክ ናት። እሷን ወይስ ዓለምን ቀድሜ ይቅር በይኝ እንደምል ጠፋኝ።

መጋቢት 22

ሄርሜላ ደወለች። ስለ ጉልበቴ ብቻ ጠየቀች። ስለ ስግደቱ አልነገርኳትም። መምሬ በቀን አርባ አርባ ነው ያዘዙኝ፤ ከሠላሳው በኋላ ግድግዳ ይዤ ነው የምነሣው።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ። ትንሣኤ

ቆረብኩ።

ቀኖናዬን መጨረሴን መምሬ ቤዛብሕ ባለፈው እሑድ ነገሩኝ። አዳራሹ ውስጥ፣ ከሰው መሃል ቆምኩ። እግሬ እምቢ አላለም። ዕጣኑን፣ የሰውን ላብ፣ የጧፉን ሽታ ረስቼው ኖሯል። ማጉያ ሽታ አያደርስም። ሰልፉ ደረሰኝ። ዲያቆኑ ክንዴን ያዘኝ። ሄርሜላ ከሴቶቹ መሃል እያየችኝ ነበር። መጥታለች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ መለየት አልቻልኩም።

ረፋዱ ላይ ቶሎሳ ደወለ። "እንኳን አደረሰህ" አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። አልጠየቅሁትም።

ዓለም እኔን ውጭ አቁማ ብቻዋን አልቆርብም አለች። እኔ ብቻዬን ቆረብኩ። ደስ ብሎኛል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ውሸት ደግሞ በቃኝ።